የመጀመሪያዋ ታቫሊ

ሆሊስ ስታምፐር መዋሸት ሲጀምር ውሻው ተነስቶ ይሄዳል። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ጃስፐር የሚባል ቡናማ ውሻ ነው፤ ጌታውን እንደ ነፍሱ ይወዳል፣ ግን ውሸት መስማት አይችልም። ሆሊስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ «የእኛ ኮረብታ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሳ ዶሮዎቼ እንቁላላቸው እንዳይንከባለልባቸው አራት ማዕዘን መጣል ለምደዋል» ብሎ ሲጀምር፣ ጃስፐር ከእግሩ ስር ብድግ ይልና ደረጃውን ወርዶ ጀርባውን ይሰጣል። ሰዉም ጨዋታው መጀመሩን የሚያውቀው በዚያ ነው።

«ዶሮዋስ ስትጥል አያማትም?» ይለዋል የአጎቱ ልጅ ዌንደል።

«ያማታል እንጂ። ለዚህ እኮ ነው የምትጮኸው።»

ሆሊስ የሚዋሸው ለጥቅም አይደለም። ሌላው ሰው ትንባሆ እንደሚያኝክ እሱ ወሬ ያኝካል። እንጀራው ግን መኪና መጎተት ነው፤ ገደል የገባ፣ ጭቃ የያዘው፣ ሞተሩ የነደደ መኪና ሁሉ በሱ ሽቦ ገመድ ነው የሚወጣው። በአካባቢው ሌላ ጎታች መኪና የለም። ለዚህም ነው የሴት ልጁ የሬኔታ ባል፣ ታቪስ ኮምብስ፣ በጎርፉ ሰሞን ከዝቅተኛው ድልድይ ላይ ከነመኪናው የተወሰደ ጊዜ፣ አማቹን ከወንዙ ጎትቶ ያወጣው ሆሊስ ራሱ የሆነው። ስለ ሁሉም ነገር የሚያወራው አፍ ስለዚያ ቀን ሲሆን ይቆለፋል። አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ሬኔታ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህችን ልጅ ስም ግን ያወጣችው ዓይኗ ያበጠ እናቷ ናት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች። በዚያ አገር የሁለት ዘመድ ስም ቆርጦ መቀጠል ያለ ነው። ከታቪስ የስሙን ራስ ወሰደች፣ ከሞተችው እናቷ ከቫሊ ጭራውን ወሰደች፣ አጋጠመቻቸው። ታቫሊ ሆነ።

«ታቫሊ» አለ ሆሊስ፣ በአፉ ሲሞክረው። «እንዲህ የምትባል ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

«የለችማ» አለች ሬኔታ። «የኔ ብቻ ናት።»

ሌላው ሰው የሟቹን ልብስ በሣጥን እንደሚያኖር፣ እሷ ባሏን በልጇ ስም ውስጥ አኖረችው።

*

ልጅቷ አራት ዓመቷን እንደያዘች ነው ነገሩ የመጣው። አንድ የዝናብ ቀን ሆሊስ ከተራራው መንገድ ላይ መኪናዋን ጭቃ የያዘባትን ሴት ሊያነሳ ሄደ። ሴትየዋ ቴሌቪዥን ላይ ምግብ እየሠራች የምትስቀው ማርሊስ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ ጎታቹ መኪና ላይ ለመውጣት ከሆሊስ ትከሻና ከበሩ እጀታ ጋር ስትታገል ቆየች። ጃስፐር መሐል ተቀመጠ። ከመስታወቱ ላይ አንዲት የሕፃን ጫማ ተንጠልጥላለች፤ ጎኗ ላይ በክር ታቫሊ የሚል ተሰፍቶባታል።

«ደስ ይላል» አለች ማርሊስ። «ምን ማለት ነው?»

ሆሊስ መናገር ፈልጎ ነበር። አማች ነበረኝ ሊል ነበር። ግን መኪናው በዚያው ሰዓት ወደ ዝቅተኛው ድልድይ ወረደ፣ ወንዙም ሞልቶ ቡና መስሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ አፉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሥራ ጀመረ።

«ይኸውልሽ» አለ፣ «በአያቶቻችን ዘመን ትልቁ ጎርፍ መጣ። አንዲት እናት ልጇን በሊጥ ገበቴ ውስጥ አስቀምጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ገበቴውን ውሃው ወሰደው።»

ጃስፐር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አምላኬ። ሕፃኗስ?»

«አላለቀሰችም። ሦስት ወረዳ ሙሉ አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ የሚያህል አምባዛ ዓሣ ከስር ሆኖ ገበቴውን በጀርባው እየገፋ፣ እዚህ ድልድይ ጋ ዳር አወጣት። እናቷ ከኮረብታው ላይ ታቫሊ እያለች ትጣራ ነበር። በጥንቱ ቋንቋ ውሃ ያልደፈራት ማለት ነው።»

«በየትኛው ጥንታዊ ቋንቋ?»

«በጣም በጥንቱ።»

«ከዚያስ?»

«አድጋ፣ ወልዳ፣ አርጅታ ሞተች። የተቀበረችው እኛው መቃብር ዳር ነው። ድንጋይዋ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም፤ እንዲህ ያለ ስም በድንጋይ አይጻፍም ብለው።»

ማርሊስ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሆሊስም ደስ አለው። ከድልድዩ ወዲያ ሲሻገሩ ደረቱ ቀልሎት ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ ድልድይ ላይ እየተናገረ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው። እሱ በተረከው ወንዙ የወሰደውን መልሶ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማርሊስ ሴት ልጅ ወለደችና ታቫሊ አለቻት፤ ሕፃኗን ታቅፋ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ የገበቴውን ታሪክ ከነወንዙ ስም አወራች፣ አገር አለቀሰ። በዓመቱ በየሆስፒታሉ ታቫሊ ይወለድ ጀመር። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ስሙ ከጥንት አየርላንድ የመጣ ነው ብሎ ጻፈ፣ ሌላው የለም የቼሮኪ ቀይ ሕንዶች ነው አለ። አምባዛው በሦስተኛው ዓመት ዶልፊን ሆነ። ዶልፊን ከባሕር ተነስቶ ኬንታኪ ተራራ ድረስ እንዴት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ሆሊስ እንኳ ይህን ሲሰማ፣ «ይሄማ በዛ» ብሏል።

መጀመሪያ ላይ እሱ ኮርቶ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ፕሬዚዳንቱ እንኳ ለዚህ ሁሉ ሕፃን ስም አላወጣም» ይላል። ትንሿ ታቫሊም ተደስታለች። ነዳጅ ማደያው ውስጥ የሰው ስም የተጻፈባቸው የቁልፍ መያዣዎች የሚሰቀሉበት ተሽከርካሪ መደርደሪያ አለ፤ ልጅቷ እዚያ በገባች ቁጥር እያዞረች ስሟን ፈልጋ አጥታ ነበር የምትወጣው። አንድ ቀን አገኘችው። ብድግ አድርጋ እንደ ዋንጫ ይዛው ወደ እናቷ ሮጠች። ሬኔታ አየችውና መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ጨምድዳ ተቀመጠች፤ ልጅቷ በመስኮቱ ብታንኳኳም ቶሎ አልከፈተችላትም።

ከዚያ በኋላ ገበያ መሐል አንዲት እናት «ታቫሊ፣ ነይ ወዲህ» ብላ ስትጣራ ሬኔታ የማታውቀውን ሕፃን ዞራ ታያለች። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ስሙን ስትጠራ ሦስት እናቶች ይነሳሉ። ባሏን ያኖረችበት ሣጥን ተከፍቶ መንገደኛው ሁሉ ልብሱን እየለበሰ የሚሄድ ይመስላት ነበር።

ወሬውን የጀመረው ማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ አያስፈልጋትም ነበር። ታሪኩ ገና አምባዛው ላይ ሲደርስ የአባቷ መሆኑን አውቃለች። በሆዷ ይዛው ኖረች፣ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷን እስክትይዝ።

*

በግንቦት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሬኔታ የአባቷ ግቢ ገባች። ሆሊስ የመኪናውን ሽቦ ገመድ በቅባት እያሸ ነበር።

«አባዬ፣ እሱን ተወውና አዳምጠኝ።»

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

«ዛሬ ትምህርት ቤት ልጆቹ ተራ በተራ ስማቸው ከየት እንደመጣ አወሩ። ወላጅም ተጠርቶ ነበር። ልጄ ተነስታ ምን አለች መሰለህ?»

«አምባዛውን አሳመረችው?»

«አባቷን አላነሳችውም፣ አባዬ። አንዴም።»

ሆሊስ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ።

«አንቺ ነግረሻት የለም እንዴ?»

«ከተወለደች ጀምሮ እነግራታለሁ። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? እማዬ ያንቺ ያሳዝናል፣ የአባባ ሆሊስ ይሻላል አለችኝ። ደግሞ ቴሌቪዥኑም የሚለው የአባባን ነው አለችኝ። ምን ልበላት?»

«ልጅ ናት፣ ይተዋታል።»

«መጪው እሁድ የመቃብር ማስጌጫ ቀን ነው። ዘመድ ሁሉ አበባ ይዞ ይመጣል። እዚያ አባቷ መቃብር ላይ ቆማ የማን ልጅ እንደሆነች እንድታውቅ እፈልጋለሁ። አንተ ነህ ያስገባህባት፣ አንተው አውጣላት።» ዞር ብላ ሄደችና መኪናዋ በር ላይ ቆመች። «ካልሆነ ደጄን እንዳትረግጥ። እሷንም እንዳትወስዳት።»

ለሆሊስ በሕይወቱ የቀረችለት ደስታ ያቺ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው ላይ ወጥታ፣ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ፣ አገሩን አብራው ትዞራለች። ያችን ቅዳሜ ጃስፐር እግሩን እሾህ ወግቶት ቤት ቀርቶ ነበር።

«ታቪ» አላት፣ መንገዱን እያየ። «ያ የጎርፉ ነገር ውሸት ነው።»

ዞር ብላ አየችው። ሳቋን እየደበቀች፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ የለውም። ውሸት ነው። ገበቴ የለ፣ ሕፃን የለ። ስምሽ የአባትሽ ነው።»

«ይሄኛው ጥሩ ነው፣ አባባ። ፊትህንም አሳምረህ ይዘኸዋል።»

«እውነቴን ነው።»

«የዶሮዎቹም ጊዜ እውነቴን ነው ብለኸኝ ነበር። ክፍል ውስጥ አውርቼው ስንት ቀን አራት ማዕዘን ሲሉኝ ከረሙ።»

ሆሊስ መሪውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ሌላ መንገድ ፈለገ፣ አጣ። እንደገና ሲጀምር እሷ ቀድማው፣

«ሕፃኗ ከሌለች መቃብሩ ውስጥ ያለው ማነው ታዲያ?» አለችው።

«የቱ መቃብር?»

«ታውቀዋለህ እኮ» አለችና በመስኮቱ ወጥታ ልትበር የደረሰች እስክትመስል ሳቀች።

*

እሁድ ሆሊስ የደረሰው አርፍዶ ነው። መንገድ ላይ የአንድ ሰባኪ መኪና ተበላሽቶበት ሲጎትት ቆይቶ። ጃስፐር እያነከሰ ከኋላው ወረደ። መቃብሩ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው፤ ሣሩ ታጭዷል፣ መቃብሩ ሁሉ የጨርቅ አበባ ለብሷል። ከዛፎቹ ስር ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦና የሙዝ ፑዲንግ ተደርድሯል። ከታች ግን የማያውቃቸው መኪናዎች ቆመዋል፤ ታርጋቸው የኦሃዮ፣ የቴነሲ ነው።

መጀመሪያ ያየው ሬኔታን ነው። ባሏ መቃብር አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። የታቪስ ድንጋይ ባዶ ነው። ዙሪያው ያሉት ሁሉ ቀይና ቢጫ ሲሆኑ እሱ እንደተነቀለ ጥርስ ባዶ ቦታ ሆኗል።

«አበባውስ?» አላት።

በአገጯ ወደ ዳር አሳየችው።

በመቃብሩ ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ድንጋይ አለ። እዚያ ሰው ተሰብስቧል። የታቪስ አበባ በሙሉ እዚያ ነው። ድንጋዩ ላይ ትናንሽ የሕፃን ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ከእንግዶቹ እግር ሥር አራት አምስት ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ አንዱ «ታቫሊ» ሲል ሁሉም ይዞራሉ። የሆሊስ ታቫሊ መሐላቸው ቆማ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ልክ እንደ አያቷ ድምፅዋን ዝቅ ከፍ እያደረገች ታወራለች።

«ሦስት ወረዳ ሙሉ አላለቀሰችም» ስትል ሰማት።

ሆሊስ ያን ድንጋይ ያውቀዋል። የሴናተር ድንጋይ ነው። ሴናተር የአያቱ የኢዝራ በቅሎ ነበር፤ ሥራም አይሠራ፣ አይሞትም ብለው ነው ያን ስም ያወጡለት። በመጨረሻ ሲሞት ኢዝራ፣ «ከቤተሰቡ ጋር ካልተቀበረ እኔም አልቀበርም» ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ወጣቱ ሆሊስ ነው፤ ቄሱም ተቀይሞ ዓመት ሙሉ ዝር ሳይል ቀረ። ከሆሊስ በቀር ያን ቀን የነበረ ሁሉ አሁን እዚያው አፈር ውስጥ ነው።

«ሰዎች» አለ ሆሊስ፣ ተጠግቶ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ የበቅሎ መቃብር ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደሱ ዞረ። ከዚያ ዌንደል ከጠረጴዛው በኩል የዶሮ እግር እንደያዘ ሳቀ፣ ዘመዱም ተከተለው።

«ጀመረ» አለ ዌንደል። «በቅሎዋንም አምባዛው ነው ያመጣት?»

«ዌንደል፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«አንተ እውነት የተናገርክ ቀን እኔ ጫማዬን እበላለሁ።»

ታቫሊም ሳቀች። «አባባ ሁሌ እንዲህ ነው» አለች ለእንግዶቹ፣ ስለ አያቷ፤ «ቁም ነገር አይችልም።»

ሆሊስ ሬኔታን አያት። ካለችበት አልተነቃነቀችም፤ ፊቷ ግን የተዘጋ በር ነበር። ለሣር አጨዳው ከመጡት መሣሪያዎች መሐል አካፋ አንስቶ ተመለሰና ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን ማንሳት ጀመረ።

አንዲት ሴት ክንዱን ያዘችው። ወጣት ናት፣ ካሪሳ ትባላለች፣ ከኦሃዮ ሌሊት ነድታ ነው የመጣችው። ከቀሚሷ ኋላ አንዲት ቀጭን ሕፃን ታጮልቃለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ» አለችው ቀስ ብላ። «ይህቺ ልጅ ስትወለድ ሳንባዋ አልሠራም ነበር። ማሞቂያ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገብተው፣ ሌሊቱን አታልፍም አሉኝ። እኔ ቴሌቪዥን ላይ የሰማሁትን ስም ጆሮዋ ሥር ስደጋግም ነው ያደርኩት። ውሃ ያልደፈራት እያልኩ። እባክዎ አይቆፍሩት።»

ሆሊስ አካፋው እጁ ላይ ከበደው። እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቁኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ውሸቱ እዚያ ሄዶ፣ በማያውቀው ከተማ፣ አንዲት ሴትን ሌሊቱን ሙሉ ደግፎ አቁሟል። ባዶውን የታቪስ ድንጋይ ዞሮ አየ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለና ቆፈረ።

አንዷ እናት ጮኸች። ዌንደል ዶሮውን ጣለ። አንድ ሰው «ፖሊስ ጥሩ» አለ። ታቫሊ የአያቷን ሸሚዝ ከኋላ ይዛ እየጎተተች፣ «አባባ፣ ተው፣ ትታመማለህ፣ ተው» ትለዋለች፤ ይህም ጨዋታ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሆሊስ ቀና ሳይል ቆፈረ። ራሱ ስለቀበረው ጭንቅላቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል።

ራስ ቅሉ ሲወጣ ረጅም ነበር፤ ጥርሶቹ የሰው አውራ ጣት ያህላሉ። አንደኛው የፊት ጥርስ ተሰብሯል፣ ሴናተር የኢዝራን የብረት ባልዲ ሲነክስ የተሰበረ።

ማንም አልሳቀም። «ዌንደል፣ ጫማህን» ያለም የለም።

ካሪሳ ጎንበስ ብላ ከጫማዎቹ መሐል የልጇን ጫማ ፈለገች፣ አፈሩን አራገፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሕፃኗን አቀፈቻት። ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች።

«ልጄ ግን ተርፋለች» አለችው።

«ተርፋለች» አለ ሆሊስ።

ሌሎቹም ጫማቸውን እየለቀሙ ሄዱ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቁልቁለቱን ወረዱ። ታቫሊ የበቅሎውን ራስ ስታይ ቆየች። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ይህች ልጅም ለአምስት ዓመት አባትሽ ማነው ሲሏት አምባዛ ስትል ኖራለች።

«ሁሉም ነው?» አለችው።

«እኔ ያወራሁት ሁሉ።»

አላለቀሰችም። አበቦቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዳንዶቹ አፈር ነክቷቸዋል፣ በቀሚሷ ጠረገቻቸው። ሆሊስ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ ሸሸችው። ተሸክማ ወደ አባቷ ድንጋይ ሄደች፣ እሱም ራቅ ብሎ ተከተላት። ጃስፐር ከጠረጴዛው ሥር አጥንቱን ትቶ እያነከሰ መጣና ከሆሊስ እግር ሥር ተጋደመ።

ሬኔታና ልጅቷ ተንበርክከው አበባውን አስተካከሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ታቫሊ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«አባቴ ስሜን ያውቀው ነበር?»

ሬኔታ ቀና አለች። አባቷን አየችው። ዓይኗ ውስጥ የትኛውን እንደምትፈልግ ሆሊስ መለየት አቃተው። መልሱ ምላሱ ላይ ደርሶ፣ ሞቅ ብሎ፣ ተዘጋጅቶ ቀርቧል፦ ያውቃል እንጂ፤ ድልድዩን ሲሻገር ስምሽን እየዘፈነ ነበር፤ ወንዙ ዳር የነበሩ ሰዎች ሰምተዋል። እንዲህ ቢል ልጅቷ ዛሬውኑ ተመልሳ ጉልበቱ ላይ ትቀመጥ ነበር።

«አያውቀውም» አለ። «ገና ስም ሳይወጣልሽ ነው የሞተው።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«እኔ ነኝ ከውሃው ያወጣሁት።»

ሬኔታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን ይመስል ነበር?»

«የመኪናው የፊት መብራት ውሃ ውስጥ ሆኖም አልጠፋም ነበር» አለ ሆሊስ። ድምፁ የሱ አይመስልም፤ ቃላቱ አጭር፣ ምንም ያልተቀባባ። «በዚያ ነው ያለበትን ያወቅኩት። ጎተትኩት። አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም። ወንበሩ ላይ ላንቺ የገዛው የሕፃን አልጋ ነበር፤ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ሌላ የማውቀው የለም።»

ልጅቷ እሱን አላየችውም፤ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ውሻውን አየች። ጠበቀች። እናትየዋም አየችው። ጃስፐር አገጩን የሆሊስ ጫማ ላይ አስደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከተጋደመበትም አልተነሳም።